በቁሙ የጠመመ እንጨት

ኅዳር 6

ሚስማሬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንቺም ባልሽም አማትሽም ደህና መሆናችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። ስለ ጉልበቴ ጠይቀሽኛል። ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፤ እዚህ ደግሞ ደረጃ ስለሌለ ተስማምተን እንኖራለን።

ሌላውን ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ነው የሚለኝ። ሳነበው ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንደቆመ አየሁ። ማንም የለም። ሰው ቤት ገብተሽ የተማርሽው ጨዋነት ከሆነ እሰየው። እኔ ግን የማውቀው ሚስማር በአፏ ይዛ እያቀበለችኝ «አንተ፣ ቶሎ በል እንጂ!» የምትለኝን ልጅ ነው።

ሥራ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ባለመረቧ ጀልባ አዝዛኛለች። ታውቂያታለሽ፣ ያቺ ሰዎቿን ስትጠራ ድምፅዋ ከወዲያኛው ዳር የሚሰማው። ሌላው ሁሉ ወደ ፕላስቲክ ጀልባ ሲዞር እሷ ከእንጨት ካልሆነ አልሳፈርም አለች። ውሃው ለዓሣ የሚከፈተው መጋቢት መባቻ ላይ ነው። እስከዚያ ካላደረስኩላት ከፕላስቲኮቹ እንደምትገዛ ፊት ለፊት ነግራኛለች። አልተቀየምኳትም፤ ሰዎቿ መብላት አለባቸው። ግን ከእሷ በኋላ የእንጨት ጀልባ የሚያዝ ሰው አይመጣም። ይህ ከቀረ የሥራ ቤቱን በር ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ መመለስ ነው።

ዕቃውን ለማግኘት ያልዞርኩበት የለም። የጎኗን ጣውላ አምና የፈረሰው መጋዘን ሲሸጥ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር፤ ደርቋል፣ ጥሩ ነው። ዚንክ የተቀባ ሚስማር አንዱ ብረታ ብረት ቤት አቧራ ለብሶ አገኘሁ። ሻጩ «ይኼን የሚጠይቅ ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። የጣውላውን መገጣጠሚያ ለመወተፊያ ጥጥ አለኝ፤ ሬንጅም መንገድ ከሚሠሩት ሰዎች ለምኜ አንድ ጣሳ አምጥቻለሁ። የሌለኝ ጎድን ነው፣ ጣውላውን ከውስጥ የሚይዘው የጠመመ እንጨት። በዚህ ዳርቻ አንድ የጠመመ ዛፍ አልቀረም፤ የቀረነው ጠማሞች እኛ ብቻ ነን።

እናንተ ከተማ ግን እንጨት ከጫካ የሚወርድበት ነው። ዓሣ ወደ እናንተ፣ ጣውላ ወደ እኛ የሚያመላልሰው ሾፌር የጎድኖቹን ቅርጽ የቆረጥኩባቸውን የካርቶን ልኮች ጠቅልሎ ያመጣልሻል። የአማትሽ የጣውላ ሱቅ የሚሸጠው ቀጥ ያለውን ነው፤ እኔ የምፈልገው እሳቸው የሚጥሉትን ነው። ከሱቁ በስተጀርባ፣ ማገዶ ሻጮቹ ጋ ሂጂ። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚለይበት፣ ግንዱ ከሥሩ ጋ የሚዞርበት፣ ለመሰንጠቂያ የማይሆነው ሁሉ እዚያ ነው የሚከመረው። ካርቶኑን እላዩ ላይ አድርጊ፤ ከገጠመ ውሰጂ። ከቀጥ እንጨት በመጋዝ የወጣ አይሁን። በቁሙ የጠመመ ይሁን፣ ጅማቱ ከመታጠፊያው ጋር አብሮ የዞረ። ይህን ላንቺ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ እጄ ጻፈው።

ባልሽን አታስቸግሪው።

አባትሽ


ኅዳር 21

ለክቡር አባቴ፣

መልሱ በመዘግየቱ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጉልበትዎ ነገር ያሳስበኛል፤ ሌሊት በጨርቅ እያሰሩ ይተኙ።

ካርቶኖቹ ደርሰዋል። ሾፌሩ ሱቅ ድረስ ይዟቸው ገባ። ገዢዎች ነበሩ። አማቴ «ይኼ ምንድን ነው፣ የልብስ ልክ ነው?» አሉ። ነው አልኳቸው። ሌላ ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም። አሁን አልጋ ሥር ናቸው።

ሂጂ ላሉኝ፣ እስካሁን ወደ ኋላ አልሄድኩም። ሰሞኑን ጭቃ ነው። ደግሞም የሱቁ የኋላ መስኮት ማገዶው ክምር ላይ ነው የሚከፈተው፤ የሚሠራውም የሚገዛውም ሰው ቁልጭ አድርጎ ያያል። ማገዶ ሻጮቹ ሁሉ ያውቁኛል። የሱቁ ምራት ማገዶ ክምር ላይ ጎንበስ ብላ ስታገላብጥ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እርስዎ አያውቁም። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በመጋዝ ቢወጣስ ምን ይሆናል? የሱቁ አናጢ የወንበር መደገፊያ ሲያወጣ ከዚህ የባሰ ያጣምማል። እንጨቱም ከእኛ ሱቅ የተመረጠ፣ ጉጥ የሌለበት ይሆናል። ለባለመረቧም ሲያዩት ያምራል።

አማቴ ሰላምታ አቅርበዋል። «አባትሽ ዘንድሮ ስንት ጀልባ ውሃ ላይ አሏቸው?» ብለው ጠይቀዋል። በሚቀጥለው ደብዳቤ ቢመልሱላቸው ደስ ይላቸዋል፤ እራት ላይ ደብዳቤ ማስነበብ ይወዳሉ። ብቻ ሌላ ጊዜ በሾፌሩ እጅ ሱቅ ባይመጣና በፖስታ ሣጥን ቢልኩልኝ ይሻላል። የማስነብበውን ለይቼ አስነብባቸዋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ


ታኅሣሥ 4

ሚስማሬ፣

እንዳልሽው በፖስታ ነው የላክሁት። ቴምብሩ ላይ የአውራ ጣቴ ሬንጅ ቀርቷል፤ ብፍቀው ጭራሽ ሰፋ።

አማትሽ ስለ ጀልባዎቼ ብዛት የጠየቁትን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ገባኝ። መቼ ነው ነጋዴ የሆንኩት? ለሠርግሽ ስመጣ ነው? ከጎረቤቴ ከመረብ ሰፊው ተውሼ የለበስኩት ኮት ነው እንዲህ ያደረገን? ያን ዕለት ሦስት ሰው «ንግድ እንዴት ነው?» ብሎኝ፣ የዚህ ከተማ ሰላምታ ይሆናል ብዬ «ደህና ነው» ስል ዋልኩ።

ብቻ ንገሪያቸው፣ ሁለት አሉኝ። አንዷ፣ አሮጌዋ ጀልባዬ፣ ውሃ ላይ ናት፣ ቁርሴን ታመጣልኛለች። ሁለተኛዋ ጎድን ትፈልጋለች። አሮጌዋን ስለጨመርኩ ይህ ውሸት አይደለም። አልተቆጣሁም። ትንሽ አፈርኩ። ባንቺ አይደለም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ እጄን አየሁት፤ በእሱ ይመስለኛል።

በመጋዝ ቢወጣስ ላልሽው። ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። ጀልባ ላይ የሚቀመጠው ውሃ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁጭ አይልም። መጋዙ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ጅማቱን ይቆርጠዋል። መልኩ ያው ነው፤ እንዲያውም ከበቀለው ያምራል። ማዕበል ሲመታው ግን እዚያው የተቆረጠበት ላይ ይለያል፤ ውስጡ ያሉት ሰዎች ደግሞ የሰው ልጆች ናቸው። አንቺ የምታውቂያቸው ናቸው፤ ለሠርግሽ ትልቁን ዓሣ ያጠመዱት።

የሰው ዓይን ከከበደሽ ንገሪኝ። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ አለው። እኔው መጥቼ እመርጣለሁ። እግረ መንገዴን አማትሽን ሰላም እላለሁ። ኮቱ አሁንም መረብ ሰፊው ጋ አለ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 11

ለክቡር አባቴ፣

አይምጡ። መንገዱ ተበላሽቷል ይላሉ፤ ጉልበትዎም አይችለውም፤ ቤቱም በእንግዳ ተይዟል። እባክዎ አይምጡ። እንዲህ መጻፌን ካሁኑ ይቅር ይበሉኝ።

ደግሞም መምጣት አያስፈልግም። እንጨቱ ተገኝቷል። ዛሬ ጧት በሾፌሩ መኪና ተጭኗል። አንዱንም ሳልተው ከካርቶኖቹ ጋር አስተያይቻለሁ፤ ልክ ናቸው። ቅርፊታቸው ተልጦ ተልገዋል፤ መኪናው ላይ ቆሻሻ እንዳይሆኑ ብዬ ነው። ከየት አገኘሽው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ከዚሁ ከተማ ነው። በአማቴ በኩል ስላልሆነ ለእሳቸው ምስጋና መጻፍ አያስፈልግም። ሾፌሩንም ብዙ አይጠይቁት፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።

ስለ ነጋዴነቱ። እኔ «ጀልባ አለው» ነው ያልኩት፣ በሽምግልናው ጊዜ፣ ምን ይሠራሉ ሲባል። ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዲህ ርቆ ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም። በየገበታው ስለ እርስዎ የሚወራውን አንዳንዴ እኔም እንደ እንግዳ እሰማዋለሁ።

ኮት ያሉት ነገር አሳዝኖኛል። ያምርብዎት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ቢጨምሩት።

አክባሪ ልጅዎ


ታኅሣሥ 30

ሚስማሬ፣

እንጨቱ ደርሷል። ሾፌሩ አንዱንም መንገድ ላይ አልጣለም። የላገው ሰው እጁ የሠለጠነ ነው። ልክ ናቸው ላልሽው፣ ከካርቶኑ ጋር ልክ ነው።

ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ።

እዚህ ነፋስ ነው። መረብ ሰፊው የፊት ጥርሱን አስነቅሎ አሁን ክር የሚበጥስበት አጣ። ባለመረቧ መጥታ ነበር፤ ቆማ አይታ ሄደች። ሥራው ትንሽ ቀስ ብሏል። ጉልበቴ ነው።

አሮጌዋን ከውሃ አውጥቻታለሁ። ሆዷን ላየው ብዬ ነው። አታስቢ።

ለባልሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አባትሽ


ጥር 16

ለክቡር አባቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ከመረብ ሰፊው ጥርስ በቀር አንድም ቀልድ የለበትም። «ገጠምኳቸው» የሚል ቃል ፈለግሁ። የለም። «ከካርቶኑ ጋር ልክ ነው» ይላል፤ ከጀልባዋ ጋር አይልም።

ትናንት ሾፌሩ ሱቅ መጣ። እኔ ለአንድ ገዢ ደረሰኝ እየጻፍኩ ነበር። «አባትሽን ምን ነካቸው?» አለኝ። «አሮጌዋን ጀልባ ገልብጠው ጣውላዋን እየነቀሉ ነው።»

«የትኛዋን ጀልባ?» አሉ አማቴ።

«ያለቻቸው አንድ እኮ ናት እማማ» አለ።

ቀና አላልኩም። «ሌሎቹ ሌላ ዳርቻ ናቸው» አልኩ። ሾፌሩ እዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ሌላ ዳርቻ እንደሌለን ያውቃል። ቆቡን አነሣና «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዝም ብዬ ነው» ብሎ ወጣ። ሲወጣ አላየኝም። ከዚያ ወዲያ ለእኔ የመጣ ነገር ካለ በረኛው ጋ ትቶ ይሄዳል።

አማቴ ግን ደስ ብሏቸው ነው ያደሩት። «ጀልባው ውሃ ሲገባ ሄደን እናያለን፣ በዚያውም ሌላውን ዳርቻ እናያለን» ይላሉ። ለጉዞው ጫማ አስጠርገዋል። ምን ልበላቸው?

አሮጌዋን ለምን ነቀሏት? እባክዎ እውነቱን ይጻፉልኝ። መልሱን ሳላውቀው የጠየቅሁ አይምሰልዎ።

አክባሪ ልጅዎ


የካቲት 2

ሚስማሬ፣

እውነቱን ጻፍልኝ ብለሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ያወቅሁት ሾፌሩ ጭነቱን ሲያወርድ ነው፣ ገና ሳልነካው። የሱቅ ሽታ ነበረው፣ የቫርኒሽ። አንዱን አንሥቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ጅማቱ ቀጥ ብሎ መጥቶ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ተቆርጧል። ሾፌሩ «ያምራል» አለ። «ያምራል» አልኩ።

ሳታውቂ ያደረግሽው ቢሆን ስቄ እመልሰው ነበር። አውቀሽ ነው። በመጋዝ ቢወጣስ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ አይሆንም አልኩሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው የላክሽው። እሱን መዋጥ አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግሁትም አያኮራም። ወረቀት አውጥቼ ነበር። ብጽፍልሽ አንገትሽን ትደፊያለሽ፤ ደብዳቤው ደግሞ እራት ላይ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥኩት። ምናልባት ይይዝ ይሆናል ብዬ ከላክሻቸው አንዱን ገጠምኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያደርገው የተሳደብኩበትን። ባለመረቧ ቆማ ታያለች። ጣውላውን በሞርሳ ይዤ ወደ ውስጥ ስስበው ጎድኑ ጮኸ። ከዚያ ለሁለት ተለየ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ድሮም የነበረበት ስንጥቅ ነው።»

«ከማን ያመጣኸው ነው?»

«ከገበያ።»

«ከገበያ» አለች። ጎድኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሄደች። ያቺ ሴት ሰዎቿን ጀልባ ላይ የምታሳፍረው በእኔ ቃል ታምና ነው።

አሮጌዋን የፈታኋት ለዚህ ነው። ሁለቱንም ጀልባዎች ያው ካርቶን ነው የወለዳቸው፤ ጎድኖቿ ለአዲሲቱ ልክ ናቸው። እንጨቱ አሁንም ደህና ነው፤ ስነቅለው ሚስማሩን አልለቅም ይላል። አንቺ ልጅ ሳለሽ የዓሣ ሥዕል የጫርሽበት ጎድን አለ፤ ጫማ ነው የሚመስለው። እሱንም ገጠምኩት። ቁርሴን አሁን መረብ ሰፊው ያካፍለኛል። ጥርስ ስለሌለው ብዙ አይሻማኝም።

የቀሩኝ የአፍንጫዋ ሁለት ሹካዎች ናቸው፣ ግራና ቀኝ ጣውላው የሚገናኝባቸው ባለ ሁለት ቅርንጫፍ እንጨቶች። የአሮጌዋ በስብሰዋል፣ በእጄ ነው የፈረሱት። ያለ እነሱ አፍንጫዋ ክፍት ነው፤ አሁን እንዲሁ አፏን ከፍታ ቆማለች። ባለመረቧ ትናንት ፕላስቲኮቹ ጋ ሄዳ አይታ ተመልሳለች። አልደበቀችኝም። መባቻው እየመጣ ነው።

እንድትልኪ አይደለም የምጽፈው። ጠየቅሽኝ፣ መለስኩ። አማትሽ ይምጡ ወይ ላልሽው፣ ያንቺ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚያዩት አንድ ጀልባ ሠሪና አንድ የተፈታ ጀልባ ነው።

አባትሽ


የካቲት 12

አባዬ፣

«እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት።

ሹካዎቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሾፌሩ መኪና ላይ ናቸው። ቅርፊታቸው አለ። ጉንዳንም ሳይኖርባቸው አይቀርም። ምርጫዬን ስላላመንኩት ትርፍ ጨምሬያለሁ። ከሥር ያሉት ለአሮጌዋ የሚሆኑ ጎድኖች ናቸው። ሾፌሩን ራሴ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ለምኑ?» አለኝ፤ እያወቀ።

ካርቶኖቹን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፣ በብብቴ ያዝኩ፣ በሱቁ የፊት በር ወጣሁ። የኋላው ይቀርብ ነበር። ማገዶ ሻጮቹ ካርቶኖቹን አዩ። ከዚያ አንዷ «እሜቴ፣ ማገዶ በልክ መቁረጥ መቼ ነው የተጀመረው?» አለች።

«ምድጃቸው ጠማማ ይሆናላ» አለች ሌላዋ።

ሳቁ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። «ለጀልባ ነው። አባቴ ጀልባ ሠሪ ነው» አልኩ። ይህን በዚህ ከተማ አፌን ሞልቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰማይ የሚደፋብኝ መስሎኝ ነበር። ያቺው የቀለደችብኝ ሴት ተነሥታ ካርቶኑን ተቀበለችኝና «ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የዞረው ያለው ታችኛው ክምር ላይ ነው» አለችኝ።

ሹካውን ተሸክሜ ስመለስ አማቴ በኋላ መስኮት አዩኝና ወጡ። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። የነጋዴውን፣ የሌላውን ዳርቻ፣ አናጢያቸውን የወንበር መደገፊያ ነው ብዬ ያሠራሁትን። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኛ እኮ እንጨት ሻጮች ነን» አሉ። «እንጨት ሠራተኛ ምኑ ያሳፍራል? ማንን ፈርተሽ ነው?»

 ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ገዢ እንኳ ሳይመጣ ነው የሸጥኩህ።

ባለቤቴ ማታ ሰማ። «እኔንም?» አለ። ሌላ አላለም። እስካሁንም አላለም። አንድ ገበታ እንቀርባለን፤ ጨው አቀብይኝ ይላል፣ አቀብለዋለሁ።

አማቴ ያስጠረጉትን ጫማ መልሰው ሣጥኑ ውስጥ ከትተዋል። ይምጡ አይምጡ አልጠየቅኋቸውም።

የላክሁልህን የተላጉትን ጎድኖች አቃጥላቸው። ማንም አይያቸው።

እነዚህ ካልሆኑ ደግሞ አይሆኑም በለኝ። እንደ ያኔው «ልክ ነው» ብለህ አትለፈኝ። በሕይወቴ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ያችን ነው የፈራኋት።

ልጅህ


መጋቢት 4

ሚስማሬ፣

ከሁለቱ ሹካዎች አንዱ ሆነ። ሌላው አይሆንም። የካርቶኑን ዳርና ዳር አይተሽ ነው የመረጥሽው፤ መታጠፊያው ላይ ያለውን ጉጥ አላየሽም። ጉጥ ያለበት ላይ ጅማቱ ይሸሻል። በአውራ ጣትሽ ዳብሺው ብዬ ስንት ጊዜ አሳይቼሻለሁ? ያን ጊዜም አፍሽ ሚስማር ሞልቶ ጆሮሽ ሌላ ቦታ ነበር። ከትርፎቹ አንዱ ግን፣ ጉንዳን የሰፈረበቱ፣ እንደ ተሰፋ ልብስ ልክ ሆነ። ጉንዳኖቹ ተቀይመው ወደ መረብ ሰፊው ቤት ሄደዋል።

ጀልባዋ በመባቻው ውሃ ገባች። እንደ ደንቡ ጣውላው ጠጥቶ እስኪያብጥ ትንሽ ውሃ አስገባች። ባለመረቧ ራሷ ገብታ በባልዲ ስትቀዳ ዋለች፣ እየተሳደበች። ማንን እንደምትሰድብ አልጠየቅሁም። ወደ ማታ ውሃው መግባቱን አቆመ።

ከጀልባዋ ስትወርድ ጠጋ ብዬ ነገርኳት። «ያ የተሰነጠቀው ከገበያ አይደለም። ልጄ ናት የላከችው።»

«አውቄያለሁ» አለችኝ። «እንደዚያ የተላገ ጎድን በየትኛው ገበያ ነው የሚሸጠው?» ባልዲውን አስቀመጠች። «ፕላስቲኮቹ ጋ የሄድኩት እንጨቱ ስለተሰነጠቀ መሰለህ? ዓይኔን እያየህ ስለዋሸኸኝ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሰዎቿ ገመድ እየጠቀለሉ ያልሰሙ መሰሉ። በማግስቱ ግን ይዛቸው ወጣች። ከሩቅ ድምፅዋን ሰማሁት።

አቃጥላቸው ያልሽኝን አላቃጠልኩም። መጀመሪያውኑ ከጀልባዋ ጎን ጋር የሚሄድ ቅርጽ ስላላቸው አዲሲቱን ከውጭ በእነሱ ደገፍኳት፤ ከፍ ዝቅ ያለውን በሽብልቅ ሞላሁት። አዲሲቱ እየተሠራች የቆመችው በእነሱ ላይ ነው። አሁን እሷ ሄዳለች፤ እነሱ አሸዋው ላይ ባዷቸውን ቆመዋል፣ የጀልባ ቅርጽ ይዘው፣ በመካከላቸው ምንም የለም። የሚያልፍ ሁሉ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል። «ልጄ የላከችው ነው» እላለሁ። ሌላ አልጨምርበትም። ጧት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው፤ ሀፍረቱ አሁንም ፊቴን ያሞቀዋል። ያንቺ ነው የእኔ ብዬ መለየት ግን ትቻለሁ።

ቀጥሎ አሮጌዋን እነሱው ላይ አቁሜ ልሠራት ነው። የላክሻቸው ጎድኖች ይበቋታል። የሚይዝልኝ ሰው ግን የለኝም፤ መረብ ሰፊው በዚያ ጥርሱ ሚስማር አይይዝም። ነይ። ባልሽም ይምጣ። ካልተናገረሽ ሳይናገር ይምጣ፤ የጣውላ ጫፍ ለመያዝ ንግግር አያስፈልግም። አማትሽንም ንገሪያቸው። ዳርቻው አንድ ነው፣ ጭቃም አለው፤ ያን ጫማ ይተዉትና ሌላ አድርገው ይምጡ።

ኮቱን አልዋስም።

አባትሽ